አንድ በሬ ለወረቀት

መስከረም ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ክረምቱ ወጥቷል ብለን ጃንጥላችንን እቤት መተው በጀመርንበት ሰሞን፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ መናኸሪያው ስወርድ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ድንገት ወረደብኝ። ሮጬ የሕንፃ መሣሪያ ከሚሸጥበት አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ገባሁ። ደብረ ማርቆስ የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ዝናብ አይታገለውም፤ ቆሞ ያሳልፈዋል እንጂ።

በረንዳው ላይ ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ነበር። አንደኛው ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው የተከናነቡ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ ያቀፉ ሽማግሌ ናቸው። ሁለተኛዋ ቦት ጫማ የተጫማች፣ ትከሻዋ ላይ ቦርሳ ያንጠለጠለች ወጣት ናት። ገና ፊቷን ሳላየው፣

«መምህር እንዳላማው!» ብላ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ።

ትሕትና ነበረች። ከዓመታት በፊት ሒሳብ አስተምሬያት ነበር። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ገብታ የቤት ንድፍ ሙያ እንደተማረችና አዲስ አበባ ጥቂት እንደሠራች ሰምቻለሁ፤ ወደ አገሯ መመለሷን ግን አላወቅሁም።

«እዚሁ ከአንድ መሐንዲስ ጓደኛዬ ጋር ቢሮ ከፍተናል» አለችኝ። «ሰው ቤት ሊሠራ ሲያስብ ቦታውን ሄጄ አያለሁ፣ ቤተሰቡን አነጋግራለሁ፣ ከዚያ ለእነሱ የሚሆነውን ቤት አስቤ በወረቀት አወጣላቸዋለሁ።»

ሽማግሌው ጆሯቸውን ከጋቢያቸው አወጡ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ ልጄ» አሉ፤ «በሰው ጨዋታ መግባቴ ነው። ቤት ማሰብ ሥራ ሆኖ ያስከፍላል?»

«ያስከፍላል አባቴ።»

«እኔን ይስማው ይሉኛል። አገሬ ይጁቤ አጠገብ ነው። አባቴ ቤታቸውን ሲሠሩ አይቻለሁ፤ እኔም ሁለት ቤት ሠርቻለሁ። ማገሩን ማገርን፣ ጭቃውን መረግን፣ ክዳኑን ከደንን፤ ገባንበት። ማንም መጥቶ ላስብላችሁ ያለን የለም። አባቴ የሠሩት ቤት ዛሬም ቆሟል። እናንተ ልጆች ግን ሁሉን ነገር ወረቀት አደረጋችሁት። በወረቀት የተጠለለ ሰው እስካሁን አላየሁም። እንዲያውም እይው፣ ወረቀቱን ከዝናብ ያስጠለልኩት እኔ ነኝ!» ብለው ያቀፉትን ጥቅል ወደ ፊት ዘረጉት።

ትሕትናም እኔም ሳቅን። እሳቸውም ጨዋታቸው ስለሰመረላቸው ደስ አላቸው።

«ምን ይሆን ያቀፉት?» አልኳቸው።

«የቤት ፕላን ነው መምህር። ከመንግሥት ፈቃድ ለማውጣት ያለ ፕላን አይሆንም ቢሉኝ አንድ ደላላ አገኘልኝ። የወዳጄ የአማረ ቤት ፕላን ነው፤ ገልብጦ ሰጠኝ። የአንድ በግ ዋጋ አወጣሁበት። የአማረን ቤት ሳታውቁት አትቀሩም፤ ቤተ ክርስቲያኑን አለፍ ብሎ ያለው፣ ደረጃው ከፍ ያለው።»

ቤቱን አውቀዋለሁ። ከመንገድ ሲያዩት ያምራል።

ትሕትና ፈቃድ ጠይቃ ጥቅሉን ተቀበለችና ከሱቁ መስታወት ጋር አስደግፋ ዘረጋችው። ብዙም አልቆየች።

«ጋሼ ይስማው፣ ይህ ቤት የታሰበው ለሞቃት አገር ነው» አለች። «በረንዳው ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ይመልከቱ። ሳሎኑ ላይ ፀሐይ እንዳታርፍ ከልሏታል። መስኮቱም ሁሉ ነፋስ እንዲያስገባ ነው የተቀመጠው። ባሕር ዳር ቢሆን እሰየው ነው። እዚህ ግን ፀሐይዋን የምንናፍቃት እኛ ነን፤ ነፋስ ደግሞ አልጎደለብንም።»

«የአማረ ቤት እኮ እዚሁ ማርቆስ ነው ያለው!»

«እሳቸውም ከሌላ አስገልብጠው ይሆናላ።»

ሽማግሌው ጠጋ ብለው ወረቀቱን አዩት። ከዚያ ድንገት፣ «እሺ፣ አንቺ ብታስቢልኝ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ትሕትና ሳታቅማማ ነገረቻቸው። ጋሼ ይስማው ገንዘቡን በልባቸው ወደሚያውቁት መስፈሪያ ለወጡትና፣

«አንድ በሬ!» ብለው ጮኹ። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሰዎች ዘወር አሉ። «በስመ አብ! አንድ በሬ ለወረቀት?»

እዚህ ላይ የራሴን አስተያየት ልጨምር። ሽማግሌው በመደንገጣቸው አልፈረድኩባቸውም። ገበሬ ገንዘቡን የሚያወጣው በእጁ ለሚጨብጠው ነገር ነው። ሲሚንቶ ይጨበጣል፤ ቆርቆሮ ይጨበጣል፤ የግንበኛው ድካም በዐይን ይታያል። ሐሳብ ግን አይታይም። ከእኛ ከተማርነው መካከል እንኳ ለሐኪም ምክር ከፍሎ መድኃኒት ሳይታዘዝለት ሲወጣ የተዘረፈ የሚመስለው ስንት ነው!

ትሕትና ግን አልተከፋችም። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ?» አለች። «አባትዎ ያንን ቤት ሲሠሩ በሩን ወዴት አደረጉት?»

«በሩንማ ነፋስ ከማይመጣበት ነው።»

«ምሶሶውን ከምን እንጨት? ጣራውን ምን ያህል አሹለው? ከብቱን በየት በኩል?»

«እሱንማ ማንም ያውቀዋል! ማን አስተማረን? ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው።»

«ታዲያ ያለ አሳቢ አልተሠራማ። አያት ቅድመ አያትዎ ሲያስቡለት ኖረዋል፤ ለዚያ አፈር፣ ለዚያ ነፋስ፣ ለዚያ ኑሮ። አባትዎ ያልከፈሉት ሐሳቡ ስለሌለ ሳይሆን ሌሎች ቀድመው ስለደከሙበት ነው። አሁን ሊሠሩት ያሰቡትን የብሎኬት ቤት ግን ከዘርዎ የሠራው ሰው አለ?»

«የለም።»

«ስለዚህ አዲስ የሚያስብ ያስፈልጋል። እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው።»

ጋሼ ይስማው በቀላሉ የሚረቱ ሰው አልነበሩም። «ልጄ፣ ያልተማርኩ አይምሰልሽ። በልጅነቴ ዲማ ቅኔ ቤት ገብቼ ነበር። አባቴ ሲያርፉ እርሻው ጠራኝ እንጂ ዛሬ የምታወሪው ከመሪጌታ ጋር ነበር። የተሠራ ነገር እያለ አዲስ ማሰብ ድካም ነው። የአማረ ቤት ቆሟል፤ አምሯል፤ እሱኑ መድገም ነው።»

«ቅኔ ቤት ከነበሩ ደህና አገኘሁዎ» አለች ትሕትና። «የጓደኛዎን ቅኔ ተቀብለው፣ ደግመው በጉባኤው ፊት ቢያሰሙት ኖሮ የኔታ ምን ይሉዎት ነበር?»

ሽማግሌው ፊታቸው በራ፤ ወዲያውም ወጥመዱ ገባቸው። ቅኔ ቤት «ዘረፋ» የሚባለው ከራስ አፍልቆ አዲስ ማሰማት ነው። የትናንቱ ቅኔ ለዛሬ አይሆንም፤ ለአንዱ በዓል የተቆጠረው ለሌላው አይባልም። የሰው ቅኔ ደግሞ ማሰማት ከጉባኤ የሚያስወጣ ነውር ነው።

«እንግዲህ» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «የእኛ ዘረፋ ከራስ ነበር፤ የደላላው ዘረፋ ከሰው ነው ልትይኝ ነዋ!»

«እኔ አላልኩም፤ እርስዎ ተቀኙት።»

ዝናቡ እየቀለለ ነበር። ጋሼ ይስማው ጥቅላቸውን መልሰው አቀፉ። ልባቸው ግን አልተመለሰም። «በነገር አሸነፍሽኝ» አሉ። «በነገር መሸነፍ ደግሞ ቤት አይሆንም። አማረ ቤቱን ወዶታል፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ነገ ጠዋት አብረን እንሂድና እሱን ጠይቂው። መምህርም ይምጡና ይፍረዱን።»

በማግስቱ ቅዳሜ ስለነበር ሄድኩ።

አቶ አማረ ከቁይ መጥተው እህል እየነገዱ የከበሩ፣ እንግዳ የሚወዱ ሰው ናቸው። ደረጃቸው ላይ ቆመው ተቀበሉን። ከሦስት ሰዓት በላይ ሆኗል፤ የጠዋቷ ፀሐይ ግቢውን ሞልታዋለች። ሳሎኑ ስንገባ ግን መብራት በርቷል። ባለቤታቸው ወፍራም ጋቢ ደርበው ተቀምጠዋል። በሚያብረቀርቀው ወለል ላይ ቅዝቃዜው በጫማዬ ሶል ዘልቆ ተሰማኝ።

ወግ ተጀመረ። አቶ አማረ የወለሉን ውበት፣ የኮርኒሱን አሠራር አሳዩን። ጋሼ ይስማው በየመሐሉ ወደ ትሕትና እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ «አየሽ አይደል» ማለታቸው ነው። ትሕትና ሁሉንም በትሕትና አደነቀችና አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ጋሼ አማረ፣ ቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀመጠው የት ነው?»

አቶ አማረ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ባለቤታቸው ቀደሟቸው።

«ጓሮ ነዋ!» አሉ። «ኩሽናው ደጃፍ፣ ፀሐይዋ ያለችበት። እዚህ የምንገባው እንግዳ ሲመጣ ነው። ባትመጡ ኖሮ ይሄኔ እዚያ ነበርኩ።»

አቶ አማረ ትንሽ አፈሩ፤ ነገር ግን ቅን ሰው ናቸውና አልሸሸጉም። ይዘውን ዞሩ። በጎን በኩል ያለው መኝታ ቤት የአሮጌ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል፤ ርጥበት ስላለው ልጆቹ አንተኛበትም ብለዋል። ከጀርባው ግድግዳ ላይ ከመሠረቱ እስከ መስኮቱ የወጣ ስንጥቅ አለ።

«ዋልካ ነው» አለች ትሕትና መሬቱን በጫማዋ ጫፍ እየነካች። «ይህ ጥቁር አፈር ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ፕላኑ የተነሣበት ቦታ አፈሩ ሌላ ነበር ማለት ነው። መሠረቱ ለዚህ አፈር አልተቆፈረም።»

«ሁለት ጊዜ አስለሰንኩት» አሉ አቶ አማረ። «ተመልሶ ይከፈታል። ይስማው፣ ወዳጄ፣ እውነቱን ልንገርህ? ቤቴን የሚወደው በመንገድ የሚያልፈው ሰው ነው።»

እዚህ ላይ ነገሩ አልቋል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ጋሼ ይስማው ከግቢው ስንወጣ፣ «መሠረቱን ጠለቅ አድርጌ አስቆፍራለሁ፤ ብርዱንም በጋቢ እንችለዋለን፤ ስንኖር በብርድ አይደለም እንዴ!» አሉ። የለመዱትን ሐሳብ መተው ከበሬውም በላይ ከብዷቸው ነበር።

ትሕትና ቆም አለች። «ጋሼ፣ ይጁቤ ቤት እያለዎት ከተማ ለምን ሊሠሩ ተነሡ?»

ሽማግሌው ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ለታየች ነው። ለባለቤቴ። ስኳር አለባት። አምና አንድ እግሯን ቆረጧት። ከሆስፒታል መራቅ የለባትም አሉን። ይኸው አንዲት ክፍል ተከራይተን ተቀምጠናል። ልጆቹም ያለንን እርሻ እኩል አራሽ ይያዘው፣ እናንተ እዚያው ተቀመጡ አሉ። እንግዲህ የቀረው ዕድሜዋ በምቾት ይለፍ ብዬ ነው፣ ትልቅ ቤት፣ ያማረ ቤት ልሠራላት።»

«እሳቸው ምን ዓይነት ቤት ይፈልጋሉ?»

ጋሼ ይስማው ጥያቄው የገባቸው አልመሰለኝም። «ማን? ታየች? እኔ የሠራሁትን ትወዳለች።»

«ጠይቀዋቸዋል?»

መንገዱ ላይ ጋሪ አለፈ። ሽማግሌው እስኪርቅ ድረስ በዐይናቸው ሸኙት።

ትሕትና ያኔ ያለችውን አልረሳውም። «እንግዲያው ገንዘብ ሳልጠይቅዎ አንድ ነገር ላድርግ። ያንን ፕላን ወደ ቦታዎ ያምጡት፤ እማማ ታየችንም ያምጧቸው። የአማረን ቤት መሬቱ ላይ እሥለዋለሁ። ይግቡበትና ይሞክሩት። ከተስማማዎት ምርቃትዎ ይበቃኛል።»

በሳምንቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቦታው ላይ ተገናኘን። ከከተማው ዳር፣ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ያለ ቦታ ነው። ትሕትና ችካል ተክላ፣ ሲባጎ ወጥራ፣ ግድግዳው በሚቆምበት ሁሉ ነጭ ኖራ አፍስሳ ጨርሳለች። በሩ ክፍት ሆኖ ተትቷል፤ ደረጃዎቹ በመስመር በመስመር ተሠርተዋል፤ አልጋና ወንበር በሚሆንበት ስፍራ ድንጋይ ተቀምጧል። ቤቱ ገና ሳይሠራ ሙሉ ልኩን ይዞ ምድር ላይ ተኝቷል።

ወይዘሮ ታየች በባጃጅ መጡ። ቀጭን፣ ዐይናቸው ንቁ፣ በሁለት ክራንች የሚሄዱ ሴት ናቸው። የመጡበት ጉዳይ ሲነገራቸው መጀመሪያ ሳቁ። «እንደ ልጆች የእቃ እቃ ልንጫወት ነው?» አሉ።

«አዎ እማማ» አለች ትሕትና። «ቤትዎ ነው፤ ይግቡ።»

ወይዘሮ ታየች ወደ በሩ ሄዱና ከደረጃው መስመር ላይ ቆሙ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ደረጃ ነው፤ ከፍ ያለ ነው» አሉ ባለቤታቸው በኩራት። «እንደ አማረ።»

«ከፍ ያለ?» ወይዘሮ ታየች ክራንቻቸውን አዩ፤ ከዚያ ባላቸውን አዩ። ትሕትና ደግፋ እንደ ወጡ ቆጥራ አሳለፈቻቸው። ሳሎኑን አልፈው መተላለፊያው ውስጥ ገቡ። ግራ ክራንቻቸው ኖራው ላይ አረፈ። ሊዞሩ ሲሉ ቀኙም ሌላው ኖራ ላይ አረፈ።

«ግድግዳውን እየረገጥኩ ነው» አሉ።

«መተላለፊያው ጠባብ ነው» አለች ትሕትና ቀስ ብላ።

መኝታ ቤት በተባለው ስፍራ ደርሰው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ዙሪያቸውን ቃኙ። «መስኮቱ የት ነው?»

ትሕትና ከጀርባቸው ያለውን አሳየቻቸው።

«ታዲያ ከዚህ ተቀምጬ ማን ይታየኛል?»

ወዲያው ወደ ሌላኛው መስመር ዞሩ።

«ሽንት ቤቱስ?»

ጋሼ ይስማው በእጃቸው ወደ ጓሮ አመለከቱ። በኩሽናው በር ወጥቶ፣ ዞሮ፣ ከአጥሩ ሥር ነው። ወይዘሮ ታየች የእጃቸውን ጫፍ ተከትለው ያንን ርቀት በዐይናቸው ለኩት። ከዚያ በዝግታ እንዲህ አሉ፦

«አንተ ሰው፣ ይሄን ሁሉ ለእኔ ብለህ እንደምትደክም አውቃለሁ። እግዜር ይስጥህ። ግን ከተቆረጥኩ ወዲህ የሚያሳፍረኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ሌሊት አንተን መቀስቀስ ነው። ቀን እንኳ ደህና፤ የጎረቤት ልጅ ትመጣለች። ሌሊት ግን አንተ ደክመህ ተኝተህ ሳለ፣ ‹ተነሣ፣ ደግፈኝ› ማለት። እስኪነጋ የምችለው ጊዜ አለ። ትልቅ ቤት አልፈልግም። ማንንም ሳልጠራ እምደርስበት ሽንት ቤት እፈልጋለሁ። ተቀምጬ ሽንኩርት እምከትፍበት ጠረጴዛ እፈልጋለሁ፤ እጄ አልተቆረጠም እኮ። በር ሲንኳኳ ማን እንደመጣ ማየት እፈልጋለሁ። ሌላው ሁሉ እንዳልክ ይሁን።»

ጋሼ ይስማው ፊታቸውን አዞሩ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ትሕትና ወደ ሌላ እያየች ሲባጎ መጠቅለል ጀመረች። እኔም ማዶ ያለውን ተራራ ማየት ጀመርኩ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽማግሌው ወደ ኖራው መስመር ተጠጉ። «ይሄን ግድግዳ ወደዚያ ብንገፋውስ?» ብለው በጫማቸው ሶል መስመሩን አጠፉት። «ታየች፣ እስቲ አሁን ዙሪ።»

ወይዘሮ ታየች ተነሥተው ዞሩ። ክራንቹ ምንም አልነካም።

«አየሽው?» አሉ ጋሼ ይስማው፤ ድምፃቸው ውስጥ የልጅ ደስታ ነበር። ቀጥለው ሌላውን መስመር ሊያጠፉ ሲነሡ ግን ትሕትና ቀስ ብላ አስቆመቻቸው፤ ያኛው ጣራውን የሚሸከም ግድግዳ ነው፣ ሲነሣ ሌላ የሚሸከም ነገር መታሰብ አለበት፣ ይህን ደግሞ መሐንዲሱ ያሰላዋል አለቻቸው። ሽማግሌው እግራቸውን አየር ላይ እንዳንጠለጠሉ ቀሩ።

«በሬው ለዚህ ነው?» አሉ።

«ለዚህ ነው» አለች። «ቁጭ ይበሉና በሙሉ ልንገርዎ። መጀመሪያ ቦታውን እለካለሁ፤ አፈሩን አስቆፍሬ አያለሁ። እናንተን ሁለታችሁንም አነጋግራለሁ። ቤቱን አስባለሁ፤ ካልወደዳችሁት ደግሜ አስባለሁ። መሐንዲሱ መሠረቱንና ብረቱን ያሰላል። ስንት ብሎኬት፣ ስንት ሲሚንቶ፣ ስንት ቆርቆሮ እንደሚፈጅ ቀድመው ያውቁታል፤ ግንበኛው ‹አነሰ፣ ጨምሩ› እያለ አያስገዛዎትም። ሥራው ሲጀመርም መሠረቱ ሲወጣ፣ ብረቱ ሲታሠር፣ ጣራው ሲመታ መጥቼ አያለሁ። ክፍያውንም በአንድ ጊዜ አልልም፤ ሥራው በደረሰበት ልክ ይከፍላሉ።»

«በዋጋው አትቀንሽልኝም?»

«በእኔ ዋጋ አልቀንስም። በቤቱ ዋጋ ግን እቀንስልዎታለሁ። ይህ ሳሎን ለምን ይህን ያህል ሰፋ?»

«ማኅበር ይመጣብኛል! ሰው ይሰበሰባል።»

«በዓመት ስንት ቀን?»

ጋሼ ይስማው አሰቡ። «አንድ። ቢበዛ ሁለት።»

«ለእነዚያ ቀናት ሳሎኑ ወደ ግቢው በሰፊ በር ይከፈት፤ ድንኳን ይጣል። በቀረው ዓመት ባዶ ለሚውል ወለል ለምን ይከፍላሉ? ሁለት ክፍል ከዚህ ቤት ቢወጣ፣ የሚተርፈው ገንዘብ የእኔን ዋጋ ከፍሎም ይተርፋል። ልብ ይበሉ፣ ለሁሉም ሰው ክፈል አልልም። አንዲት ክፍል ሊሠራ ያሰበ ሰው ቢመጣ በሩንና መስኮቱን ወዴት እንደሚያደርግ በነፃ ነግሬው እሸኘዋለሁ። ዕድሜ ልክ ያጠራቀሙትን በአንድ ጊዜ ሊያፈሱ ሲነሡ ግን፣ ቀድሞ የሚያስብልዎ ሰው ትርፍ ወጪ አይደለም።»

ሽማግሌው ወደ እኔ ዘወር አሉ። «መምህር፣ እርስዎ ዳኛ ነበሩ። ምን ይፈርዳሉ?»

«ፍርዱን ወይዘሮ ታየች ሰጥተዋል» አልኳቸው።

«ልክ ነው» አሉ። «ሰጥታለች።»

ጋሼ ይስማው በሬውን ይጁቤ ገበያ አውጥተው ሸጡት። ንድፉ በጥቅምት መጨረሻ አለቀ፤ ሥራው በኅዳር ተጀመረ። ሁሉም ነገር እንደ ውኃ ፈሰሰ ብል ውሸት ይሆናል። የብረት ዋጋ መሐል ላይ ጨመረ፤ አንድ ግንበኛ ሥራውን ጥሎ ጠፋ፤ ትሕትናና ጋሼ ይስማውም በመስኮት ስፋት ተጣልተው ለጥቂት ቀናት ተኳረፉ። የእንግዳ ማረፊያዋ ክፍል እስካሁን ሳትለሰን ቀርታለች። ነገር ግን ክረምቱ ሳይገባ ጣራው ተመታ፤ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ገቡበት።

ቤቱ ትንሽ ነው። ከመንገድ የሚያልፍ ሰው ቆሞ አያየውም። ደረጃ የለውም፤ ከግቢው በር እስከ ሳሎኑ ቀስ ብሎ የሚወጣ ሰፊ መንገድ አለው። የጠዋት ፀሐይ መኝታ ቤቱ ገብታ፣ ሳሎኑን ይዛ ትውላለች። መሠረቱ ዋልካውን አልፎ ጠንካራው መሬት ላይ አርፏል፤ አንድ ክረምት ሙሉ ሲዘንብበት ግድግዳው ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ አልታየም። የተረፈ ብሎኬት ግቢው ውስጥ ተከምሮ አይታይም። ሽንት ቤቱ ከአልጋው ትይዩ ነው፤ ግድግዳው ላይ የእጅ መደገፊያ ብረት አለው።

አንባቢዬ ሆይ፣ ቤት ልትሠራ አስበህ እንደሆነ ይህን ልብ በል። በጎረቤትህ ልክ የተሰፋ ልብስ ቢጠብህ ታስቀይረዋለህ፤ በጎረቤትህ ልክ የተሠራ ቤት ግን ዕድሜህን ሙሉ ይጠብሃል። ለሚያስብልህ ባለሙያ የምታወጣው ከጠቅላላው ወጪህ ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ብዙው ገንዘብ ግን በዚያ ጥቂት ይጠበቃል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ባለሙያውን ሳትጠራ፣ ቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ጠይቅ። ይህ ምንም አያስከፍልም።

በቅርቡ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። የግቢውን በር ገና ሳላንኳኳ፣ «መምህር! አየሁዎት፣ ይግቡ» የሚል ድምፅ ከመስኮቱ መጣ። ወይዘሮ ታየች በክራንቻቸው ራሳቸው ወጥተው ተቀበሉኝ። ጋሼ ይስማው አልነበሩም።

«ከአንድ ወጣት ጋር ሄዷል» አሉኝ። «ልጁ ቤት ሊሠራ ነው። ‹መጀመሪያ ሚስትህን ይዘሃት ና› ብሎ ኖራ ተሸክሞ ወጣ። ትሕትናንም ጠርቷታል። ምን ልበልዎት፣ እንደ ስብከት ይዞታል።»

«እርስዎስ? ቤቱን ወደዱት?»

ወይዘሮ ታየች ወደ ሳሎኑ ብርሃን ተመለከቱ።

«ቤቱን ወደድኩት» አሉ። «ከቤቱ የበለጠ ግን ሌላ ነገር አለ። ከተጋባን ጀምሮ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ የሚጠየቅ አይመስለውም። አሁን ደግሞ ማቆም አቃተው! ዛሬ ጠዋት ጎመን ሊተክል መሬቱን ቆፍሮ፣ አለስልሶ ከጨረሰ በኋላ፣ ችግኙን እንደያዘ መስኮቱ ሥር መጥቶ ቆመ። ‹የት ልትከለው?› ይለኛል።»

«እና ምን አሉት?»

«‹ሌላ ቦታ ቆፍር› አልኩት» አሉ ወይዘሮ ታየች እየሳቁ። «ቆፈረም።»